ባሕር ዳር ላይ ፓይል ካፕ ያስፈተሽኩበት ቢሮ

ስማቸውን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ባሕር ዳር ያለች ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ናት፣ ሌላ ሰው የሠራውን ስትራክቸር ይፈትሻሉ። እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። የወሰድኩላቸው ከጣና ብዙም የማይርቅ ጂ+7 ነው፤ አፈሩ ስለማያስተማምን መሠረቱ ፓይል ነው፣ ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ የኮንክሪት ምሰሶ።

ፓይሎቹን ከላይ አስሮ የኮለኑን ጭነት የሚያከፋፍልላቸው የኮንክሪት ብሎክ፣ ማለትም ካፑ፣ ስስ መሰለኝ። 4 ፓይል አለው፣ ዲያሜትራቸው 60 ሳንቲም፣ ከመሃል እስከ መሃል 1.8 ሜትር። ኮለኑ 50 በ50፣ ካፑ 2.7 በ2.7፣ ውፍረቱ ግን 70 ሳንቲም ብቻ! የሚወርድበት ጭነት ደግሞ ወደ 4000 ኪሎ ኒውተን ነው። ዲዛይነሩን ስጠይቀው «ሶፍትዌሩ አልፏል ይላል» አለኝ፣ በቃ።

ቢሮው ውስጥ ያስተናገደችኝ ልጅ ኮምፒውተሯን አልነካችም። እርሳስ አንስታ ካፑን ከላይ ሣለችው። አሁን የምንሠራበት ኮድ ከዩሮኮድ የመጣ ነው፣ ፓንቺንግ ሺርን፣ ማለትም ኮለኑ ካፑን በስቶ እንዳይወርድ፣ የሚያየው ከኮለኑ ፊት የጥልቀቱን ሁለት እጥፍ ርቆ ነው። ጥልቀቱ፣ ማለትም ከካፑ አናት እስከ ታችኛው ፌሮ፣ እዚህ 60 ሳንቲም ስለሆነ መስመሩ 1.2 ሜትር ላይ ይሰመራል። ስታሰምረው ፓይሎቹ ከሞላ ጎደል ውስጡ ቀሩ፣ በጎን በኩል እንዲያውም መስመሩ ከካፑ ወጣ። ጭነቱ መስመሩን ሳይሻገር ፓይሉ ውስጥ ይገባል። «ታዲያ ለምን አያልፍ?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኮለኑና በፓይሎቹ መሃል ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። በአንድ ወገን 2 ፓይል፣ 2000 ኪሎ ኒውተን። ሺሩ፣ ማለትም ያ ኃይል ለተቆረጠው ገጽ ስፋት ሲካፈል፣ 1.23 ሜጋ ፓስካል መጣ። የኮንክሪቱ የጥንካሬ ደረጃ ሲ 25/30 ነው፤ ፓይሉ ለኮለኑ ቅርብ በመሆኑ ኮዱ የሚፈቅደው ጭማሪ ሁሉ ተሰጥቶት እንኳ የሚችለው 1.04 ገደማ ነው። ወደቀ። ውፍረቱን 90 ስታደርገው፣ ፌሮው ሳይጨመር፣ ሺሩ 0.93፣ የሚችለው 1.2 ሆኖ አለፈ። በአንድ ካፕ 1.5 ኪዩብ ገደማ ኮንክሪት ነው የጨመረው።

ባለቤቱ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ ከሲሚንቶ ነጋዴ ጋር ተነጋገርክ እንዴ?» አሉኝ። የልጅቷን ወረቀት ዘረጋሁላቸው፣ ያቺን ከካፑ የወጣች መስመር በጣታቸው ተከትለው ዝም አሉ።

ቅሬታም አለኝ። በ3 ቀን ያሉት 9 ቀን ፈጀ፣ ስልክ አያነሱም። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ የታችኛው ፌሮ ፓይሉን አልፎ ጫፉ እንዴት እንደሚታጠፍ አልነበረም፤ ያ ኮዱ የሚፈቅደው የሺር ጭማሪ የሚሠራው ግን ፌሮው ፓይሉ ላይ በደንብ ከተያዘ ብቻ ነው! ሁለተኛ ተመልሼ ነው ያሣልኳቸው፣ አላስከፈሉኝም። ከሄዳችሁ ካርኒ ከመቀበላችሁ በፊት እሱን ሥዕል ጠይቁ።