ሞተር በስልክ የሚያጠፋው ጂፒኤስ፦ ለሐረጎ መንገድ ይሆናል?

ሚኒባሷ ላይ ያስገጠምኩት ጂፒኤስ እንዴት ነው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እንዲህ ነው። መኪናዋ የት እንዳለች ለማወቅ አሪፍ ነው። ሾፌሩ ገራዶ ቢያሳድራትም፣ ሐይቅ ደርሶ ቢመለስም ስልኬ ላይ አያታለሁ። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ጣጣው ሞተር ማጥፊያው ላይ ነው። ሻጮቹ ደግሞ አብዝተው የሚያወሩት ስለሱ ነው፤ "ሌባ ቢወስዳት ቤትህ ተኝተህ ቀጥ ታደርጋታለህ፣ አብሽር!" ይላሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዕቃው ውስጥ ሲም ካርድ አለ፤ መልእክት ስትልክለት ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው) የነዳጅ ፓምፑን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። አለቀ።

እስቲ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት አስቡት። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ጠመዝማዛው መሃል ሞተር ቢጠፋና ሾፌሩ ደንግጦ ፍሪሲዮን ቢረግጥ መሪው ይደነድናል፣ ፍሬኑም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይጠነክራል፣ በኃይል ካልተረገጠ እንቢ ይላል። ሌባውስ ይበለው፤ ከታች ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ምን አደረገ?

አሜሪካኖቹ ይህን አስበውበታል። የጄነራል ሞተርስ ኦንስታር በ2009 ሞዴሎች (በፈረንጅ አቆጣጠር) በጀመረው አገልግሎት ስርቆቱ መጀመሪያ ለፖሊስ ይመዘገባል፣ ከዚያ ፖሊስ መኪናውን በዓይኑ አይቶ መንገዱም አስጊ አለመሆኑን አረጋግጦ ሲጠይቅ ኩባንያው ጉልበቱን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል እንጂ ሞተሩን ድርግም አያደርገውም፣ መሪና ፍሬንም አይጠፋም። እኛ ጋ ግን ማጥፊያው ያለው ባለንብረቱ ኪስ ውስጥ ነው። በዕለት ገቢ ከሾፌሩ ጋር የተኳረፈ ባለንብረት ምን እንደሚያደርግ እናንተው ታውቃላችሁ።

አንዳንዶቹ ዕቃዎች ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ካልወረደ አይቆርጡም። ጥሩ ነው፣ ግን የተጫነ መኪና ሐረጎን ሲወጣ ስንት ነው የሚሄደው? ኩርባ ላይ ገትሮት ቁጭ ይላል።

ስለዚህ ገጣሚውን ሪሌውን በሞተሪኖው (ቁልፍ ስትጠመዝዙ ሞተሩን በሚያስነሳው) መስመር እንዲያስገባላችሁ ንገሩት። እየሄደ ያለ መኪና አይጠፋም፤ አንዴ ከጠፋ ግን አይነሳም። እኔ እንደዚያ ነው ያስደረግኩት። ለገፍቶ ማስነሳት መፍትሔ የለውም፤ ሌባ ደግሞ ሰው ጠርቶ መኪና አያስገፋም መቼም።

ኔትወርክ በሌለበት መልእክቱ እንደማይደርስም እወቁ። የይለፍ ቁጥሩን ደግሞ ጋራዥ እያላችሁ ቀይሩት፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ 123456 ነው፣ የሲሙን ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ መኪናችሁን ሊያዝባት ይችላል።