የግፊት መድኃኒትና የልብ ምት፦ ኢሲጂ ወይስ ሆልተር?

የግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ነክቶ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ምርመራዎች በብዛት ይታዘዛሉ። አንዱ ጋደም ብለን የምንሠራው፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበው ኢሲጂ ነው። ሌላው ደረት ላይ ተለጥፎ የሚውልና የሚያድር፣ ያንኑ ምልክት ሳያቋርጥ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ሆልተር ነው።

ኢሲጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ግን እንዳትንቁት። ቬራፓሚል ወይም አቴኖሎል (የልብ ምትን የሚያዘገዩ የግፊት መድኃኒቶች) ለሚወስድ ሰው "ፒአር" የሚባለው ርቀት ይታያል። ይህም የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ከ200 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ረዝሟል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተሠራ ኢሲጂ ካለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የሚነጻጸርበት ከሌለ ለውጡ አዲስ ይሁን የቆየ በምን ይታወቃል?

ሆልተር 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይመዘግባል። መጣ ሄድ የሚል ማዞርን ወይም ሌሊት በጣም የሚቀንስ ምትን ለመያዝ እሱ ይሻላል። ታካሚው ግን ማስታወሻ መያዝ አለበት፦ "2:00 ክኒን ዋጥኩ፣ 4:20 ደረጃ ስወጣ አዞረኝ"። ያ ሰዓት ከሌለ የቀኑ መዝገብ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል።

እኔ ብሆን በኢሲጂ እጀምራለሁ፤ ስሜቱ እየመጣ የሚጠፋ ከሆነ ሆልተር እጠይቃለሁ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ግን ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ፖታሲየም ሊቀንስና ምት ሊያዛባ ስለሚችል የደም ምርመራ ይጨመር። ውጤት እስኪመጣ አቴኖሎልን በራስ ውሳኔ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቁ።