«በረዶ አያስፈልገውም» የተባለውን የአርኤንኤ ኪት ጅማ ላይ ሞከርነው

ፍርዱን ላስቀድም፦ ኪቱ ጥሩ ነው። ያመጣልን አስመጪ ግን አበሳጭቶናል። ገና ከሱ ጋር ክርክር ላይ ስለሆንን የማንንም ስም አልጠራም።

ሳጥኑ ለ50 ናሙና ነው። ውስጡ ናሙና ማቆያ ፈሳሽ ያለባቸው ትንንሽ ቱቦዎችና አርኤንኤ ማጣሪያ ኮለሞች አሉ። እኛ የፈለግነው ለወባ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪያችን ከታማሚዎች ደም እየወሰደ የጥገኛ ተሕዋሱን ኤምአርኤንኤ ይለካል። ጤና ጣቢያው ከላቦራቶሪያችን በባጃጅ 25 ደቂቃ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ወይም ቀኑ የሐሙስ ገበያ ከሆነ ጨምሩበት። 25 ደቂቃ ምን አላት? እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ኤምአርኤንኤ የአርኤንኤ ዓይነት ነው፤ ከጂን ላይ ተቀድቶ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚላክ ብጣሽ ወረቀት በሉት። ሥራው ሲያልቅ ይቀደዳል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ገና ቀለበት መስሎ ሲታይ፣ ኤምአርኤንኤው በግማሽ ለማለቅ በአማካይ 9.5 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ሴሉን አፈንድቶ ሊወጣ ሲቃረብ ግን ያው ነገር 65 ደቂቃ ይፈጃል። ይሄ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ልኬት ነው። ከክንድ በምንቀዳው ደም የምናገኘው ደግሞ በአብዛኛው ቀለበቱን ነው፤ ትልልቆቹ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። የደረሰን እንግዲህ ቶሎ የሚቀደደው መሆኑ ነው።

አዲስ መቅዳቱ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ከ25 ደቂቃ በኋላ ከመቶ 16 ገደማ ብቻ ይተርፋል። መቅዳቱ ግን ወዲያው አይቆምም፤ አሮጌው እየተቀደደ አዲስ ይጻፋል፣ አዲሱን የሚጽፈው ደግሞ ከሰው ገላ ወጥቶ የበረደው ወባ ነው። ስንለካ የከረምነው የታማሚውን ሳይሆን ባጃጅ የተሳፈረውን ወባ ነበር ማለት ነው።

የማቆያው ፈሳሽ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ጓኒዲን የሚባል ጨው አለ፤ ፕሮቲን ያፈራርሳል። ቀዳጆቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ስለሆኑ በአንዴ ሥራ ያቆማሉ። ከአንድ ሰው ደም ሁለት ቱቦ ወሰድን። አንዱን ሲስተር እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ጨመረችልን፣ ሌላውን ላቦራቶሪ ስንደርስ እኛ ጨመርነው። አንዱ ጂን ላይ ብዙም ልዩነት የለም። ሌላው ላይ ግን ዘግይቶ ከተጨመረው ቱቦ ማሽኑ ምልክት ያገኘው ስንት ዙር አባዝቶ ነው፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር የተረፈው ኤምአርኤንኤ ጥቂት ነው ማለት ነው። ተማሪው ዝም ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «የስድስት ወር ናሙናዬስ?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላው የወደድኩለት መብራት ነው። ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ ቱቦዎቹ ጠረጴዛ ላይ ከረሙ፤ ምንም አልሆኑም።

አሁን ወደ እንከኑ። መመሪያው አንዴ እጠቡ ይላል። እሱን አምነን ስንሠራ ከፕሮቲን መጽዳቱን የሚያሳየው የ260/280 ንባብ 2.0 ገደማ፣ በጣም አሪፍ፤ ከጨው መጽዳቱን የሚያሳየው 260/230 ግን ከ1 በታች። ጓኒዲኑ ኮለሙ ላይ ቀርቶ ነው። ሁለቴ እጠቡት፣ ከዚያ ባዶውን ኮለም አንድ ጊዜ ሴንትሪፊውጅ ላይ አሽከርክሩት፣ ይስተካከላል። እና እባካችሁ ትራፊው ላይ በረኪና እንዳትደፉ! መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። እኛ ጋ ሁሉንም ነገር በበረኪና ማጠብ ልማድ ስለሆነ ነው የምናገረው። ማስጠንቀቂያው መመሪያው ላይ በጣም በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው።

ዲኤንኤውን የሚያጠፋው ኢንዛይም ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። «በረዶ አያስፈልገውም» የሚለው እሱን አይጨምርም። ጅማ ሲደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ ካርቶኑ ርሷል። ስንደውል «ችግር የለውም፣ ይሠራል» አሉን። አልሠራም፤ እስካሁንም አልቀየሩልንም።

የእንስሳት ሕክምና ሰዎች «ለገንዲስ ይሆናል?» ብለውኛል፤ ገንዲ ትሪፓኖሶማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው የከብት በሽታ ነው። የጊቤ ሸለቆ ከብት ጣጣ ነውና ልክ ናችሁ። ትሪፓኖሶማ ጋ ነገሩ ይብሳል። ጂኖቹ ተሰልፈው አንድ ላይ ስለሚቀዱ ለየብቻቸው ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም ማለት ይቻላል። የትኛው ኤምአርኤንኤ ይብዛ፣ የትኛው ይነስ የሚለው በዋናነት የሚወሰነው በመቅደዱ ነው። መጀመሪያ ካፍ1 የሚባለው ኢንዛይም ከኤምአርኤንኤው ኋላ ያለውን የኤ ፊደሎች ጭራ ይቆረጥማል። ቀጥሎ ከፊት ያለው ቆብ ይወልቃል፤ እኛ ሰዎች ዲሲፒ2 በሚባል ኢንዛይም የምናወልቀውን ትሪፓኖሶማ በአልፍ1 ነው የሚያወልቀው፣ ዘሩም ፈጽሞ ሌላ ነው። ከዚያ ኤክስአርኤንኤ የሚባል ኢንዛይም ከፊት፣ ኤክሶዞም የሚባል የኢንዛይሞች ስብስብ ከኋላ ይበሉታል። ስለዚህ ደሙን በረት አጠገብ ቆማችሁ ፈሳሹ ውስጥ ካልጨመራችሁት ባትደክሙ ይሻላል።

ብትጨምሩትም በአንድ ላም ደም ውስጥ ተሕዋሱ ጥቂት ስለሆነ፣ ኪቱ የሚሰጣችሁ በአብዛኛው የላሟን አርኤንኤ ነው። ደግነቱ የትሪፓኖሶማ ኤምአርኤንኤ ሁሉ ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት ባለ39 ፊደል ቅጥያ አለው። ለሱ የሚሆን ፕራይመር (ቅጥያው ላይ ተለጥፎ ቅጂ የሚያስጀምር አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ካሠራችሁ ከላሟ መሃል ነጥላችሁ ታወጡታላችሁ። ኪቱ ውስጥ ግን የለም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው።

ሁለተኛ ሳጥን ልናዝ ነው፣ ከሌላ አስመጪ። ኢንዛይሙን ግን ተማሪው ራሱ አዲስ አበባ ሄዶ በአይስ ቦክስ ይዞት ይመጣል፣ በአውሮፕላን።