ቀንዷ የማይተነፍስ መኪና፦ 11 ወር በአፋር አቧራ

ስለ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ጥንካሬ ልጽፍ አይደለም፤ ያንን ከደሴ እስከ ሎጊያ የማያውቅ የለም። ብዕር ያስነሳኝ አንድ ጥቁር ፌስታል ነው።

መኪናዋን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ያገለገለች፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌላት፣ መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት ሞተር ያላት። ሥራዬ የከብት መድኃኒት ማከፋፈል ስለሆነ ባቲ፣ እሊውሃ፣ ሚሌ የእንጀራ መንገዴ ነው። እሑድ ሲመጣ ግን ካርቶኑን አራግፌ፣ ሁለት ጄሪካን ውሃና አንድ ጄሪካን ናፍጣ ጭኜ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠያይቄ ከአስፋልቱ እወጣለሁ። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ወደተገኘችበት ወደ ሐዳር የሚወስደውን ጥርጊያ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አልቆጥርም። ባለቤቴ «የበረሃ ዛር ይዞታል» ትላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

ስገዛ ልቤን የሰረቀው ሞተሩ አልነበረም፤ ቀንዱ ነው። ከፓራፋንጎው፣ ከፊት ጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ፣ ተነስቶ በመስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያው የሚወጣውን ጥቁር የአየር መሳቢያ ማለቴ ነው። ስሙ ስኖርክል ነው፣ እኛ ጋ ግን ቀንድ ሆኖ ቀርቷል። ደላላው እንደ በሬ ሻኛ እየደባበሰው «ወንድሜ፣ በዚህ ቀንድ የሚሌ ወንዝ ቢሞላ እንኳ ሰንጥቀህ ታልፋለህ። አቧራማ ወደ ሞተሩ ዝር አይልም» አለኝ። ለቀንዱ ብቻ ብሎ 60 ሺህ ብር አስጨመረኝ። ጨመርኩ። ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል የሚባለው ለካ ይሄ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በሰላም አለፉ። አሸዋ ላይ ጎማውን ወደ 20 ፒኤስአይ አስተንፍሼ ፎርዊል ሳስገባ የቀረችበት ቦታ የለም። ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የቧንቧ ውሃን ዳገት ስትወጣ የምታቃስተው መኪና 500 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሚሌ ስትወርድ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ወፍራም አየር ሲያገኝ ጉልበቱ ይመለስለታል። በዚህ በኩል ሌላ የምለው የለኝም።

ዘይቱ ግን መጉደል ጀመረ። ከጥር ወዲህ በየሺህ ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል እየጨመርኩ መሄድ ሆነ። ለደላላው ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ የቆየ ሞተር እኮ ጠላ እንደለመደ ሽማግሌ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ድረስ የሚያናድደኝ ያ ሳቄ ነው።

ግንቦት ላይ እሊውሃ አንድ ሻይ ቤት ደጅ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። የአንድ ጭነት መኪና ረዳት፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይስባል?» አለኝ።

«እንዴታ!»

መልስ አልሰጠኝም። ዳቦ የያዘበትን ፌስታል አራግፎ፣ ጎማው ላይ ወጥቶ፣ የቀንዱ አፍ ላይ ጣል አደረገው። ቀንዱ የሚስብ ቢሆን ፌስታሉ ልጥፍ ማለት፣ ሞተሩም ትንፋሽ አጥሮት መንተፋተፍ ነበረበት። ፌስታሉ ትንሽ ተርገበገበና ነፋሱ ይዞት ሄዶ ግራር ላይ ሰቀለው። ሞተሩ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። ልጁ ወርዶ እጁን አራገፈ።

«ጌጥ ነው፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ጋራዥ ወስደን ቀንዱን ፈታነው። ከጀርባው ፓራፋንጎው ድፍን ነው፤ ቀዳዳ የሚባል የለም፣ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ባዶ ፕላስቲክ በአራት ብሎንና በሲሊኮን ተለጥፎ ነው 60 ሺህ ብር የወጣው። ሞተሩ ይህን ሁሉ ወር አየር ሲስብ የኖረው ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ የፊት ጎማው አቧራውን አንስቶ ከሚረጭበት ሥር ነው። መካኒኩ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ ቢያንኳኳው አንድ ሲኒ የሚሞላ፣ በሶ የመሰለ ዱቄት ወጣው። ከዚያ ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን፣ ንጹሕ መሆን የሚገባውን ቱቦ ፈትቶ ጣቱን በውስጡ አዙሮ አሳየኝ። ትቢያው ከዘይት ላብ ጋር ተቦክቶ እንደ ቡና አተላ ጣቱ ላይ ተጣብቋል። ፊልትሮው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት በጎሚኒው ጠርዝ ያፈተለከው ነው። ያ ትቢያ የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ነበር የከረመው፤ ዘይቱም በዚያው ነው የሚያልቀው።

ደላላው አሁን አጠገቤ ቢቀመጥ የሚለውን አውቃለሁ። «ስትገዛ ለምን አላየህም?» አይቻለሁ እኮ! ቀለሙን አይቻለሁ፣ ባለስትራውን ተንበርክኬ አይቻለሁ፣ ሊብሬውን ሁለቴ አንብቤያለሁ። ፓራፋንጎ ፈትቶ ጀርባውን የሚያይ ገዢ ካለ አሳየኝ። «ያለ እሱስ መኪናዋ ስትሄድ አልነበር?» ትሄዳለች፤ ቀንድ ባይኖራት ኖሮ ግን እኔም ባልተዘናጋሁ፣ ፊልትሮውን በየጉዞው ባራገፍኩ ነበር። ቀንድ አለ ብዬ ነው እስከ ሦስት ወር ሳልከፍተው የከረምኩት። የሌለ ነገር አይጎዳም፤ አለ የተባለው ነው የሚጎዳው።

በዚህ ላይ አቧራው ቀላሉ ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ የሚያዝያው ነው። ከሚሌ መለስ ብሎ ካለ አንድ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ልሻገር ስል ግመል የሚነዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ አቆሙኝ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይላቀቅም፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። ደሴ ሌሊቱን ሙሉ በልጉ ሲወርድ እንዳደረ፣ ጠዋትም የጦሳ ተራራ በደመና እንደተሸፈነ ነገርኳቸው። እንደ ወሬ ነበር የነገርኳቸው። እሳቸው ግን በበትራቸው ወንዙን አሳይተው «ቆይ» አሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አሸዋው ይጋረፋል። በልቤ «እኔ እኮ ቀንድ አለኝ» እያልኩ ለይሉኝታ ብዬ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ መጣ። ደጋው ላይ የዘነበው ነው፤ የሚሌ ወንዝም ገባሮቹም ውሃቸውን ከወሎ ተራራ ነው የሚያወርዱት። ጋብ ሲል፣ ወደ ወገብ ሲወርድ፣ «በቃ ልግባ» ብል ሽማግሌው በሩን በበትራቸው ዘግተው ቆሙ። ባይቆሙ ኖሮ ያ ውሃ በፓራፋንጎው ገብቶ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነበር። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል፣ ሞተሩ እዚያው ወንዙ መሃል ይቀራል፣ እኔም ከሱ ጋር።

አሁን ቀንዱ ቀንድ ሆኗል። መካኒኩ ፓራፋንጎውን ቀድዶ፣ በወፍራም የላስቲክ ቱቦ ከፊልትሮው ቤት ጋር አገናኝቶ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በማሰሪያ ጠበቅ አድርጎታል። ስንጨርስ መዳፌን አፉ ላይ ብጭነው ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጮ ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያገለገለ ባለቀንድ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ሊብሬውን ከማየታችሁ በፊት ይቺን አድርጉ፤ ደላላው ቢቆጣም ይቆጣ።

ከሰኔ ወዲህ ሦስት ጊዜ በረሃ ወርጄባታለሁ፤ ፊልትሮው ሲንኳኳ የሚወጣው ቁንጥር እንኳ አይሞላም። የምጨምረው ዘይትም ወደ ግማሽ ሊትር ወርዷል፤ የተፋቀ ሲሊንደር ግን አይበቅልም፣ ከዚያ በታች አይሄድም። «ተጸጸትክ?» ብትሉኝ በስልኩ ሳቅ ተጸጸትኩ፣ በ60 ሺው ተጸጸትኩ፣ በመኪናዋ አልተጸጸትኩም። ትናንት ቢጠይቀኝ ሰው «ሽጣት» እል ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን የሐረጎን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጥታልኛለች።

መካኒኩ ሞተሩ ተከፍቶ ቀለበቱ ይቀየር ባይ ነው። ከመስከረም በኋላ ብዬዋለሁ። እስከዚያ ሁለት ሊትር ዘይት ከመቀመጫው ሥር አድርጌ እወጣለሁ፤ የፊታችን እሑድም ከእሊውሃ ወዲያ ነኝ።