በደሴ ሆስፒታል የእናቴን የጠዋት ስኳር ላስረዳችን ሲስተር ምስጋና

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ አንዲት ሲስተር አለች። ስሜ አይጠቀስ ስላለች አልጠቅሰውም፤ እዚያ ክትትል ያላችሁ ግን ሳታውቋት አትቀሩም።

እናቴ ስኳር አለባት። ማታ ስትተኛ ደህና የነበረው ጠዋት በባዶ ሆዷ ሲለካ 180፣ 190 ይላል። ከዚህ በፊት በታየችበት ቦታ ጥያቄው ሁልጊዜ «ማታ ምን በሉ?» ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ ከርማ ራቷን መቀነስ፣ በኋላም ጭራሽ መተው ጀመረች። የማታ ኢንሱሊን እየተወጉ ጾም ማደር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የነገረን አልነበረም።

ሲስተር ደብተራችንን ገልጣ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ በአንድ ተከታተለች። ከዚያ ቀና ብላ «አብሽሩ እማማ፣ የራት ጥፋት አይመስለኝም» አለቻት። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ሆርሞኖች ጉበትን ያነሳሱታል፤ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ሰው ላይ ኢንሱሊን ወዲያው ያስተካክለዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን ከፍ እንዳለ ይነጋል። ራት መተው ጉበትን አያስቆመውም።

ግምቷን ግን እንዲሁ አልተወችውም። ማታ ሲተኙ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እና ሲነሱ ለኩና አምጡልኝ አለችን። ራቷን በልታ ባደረችበት ሌሊት ለካን፦ 138፣ 144፣ 187። ሌሊቱን ሙሉ ደህና ነበር፤ የወጣው ንጋት ላይ ነው። የ9 ሰዓቱ ከ70 በታች ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ሌሊት ስኳሯ ከልክ በላይ ይወርዳል ማለት ነው፤ ያኔ የማታውን ኢንሱሊን መጨመር ጉዳት ነው። ዶክተሩ ሦስቱን ቁጥሮች አይቶ መድኃኒቷን አስተካከለላት፤ አሁን ጠዋት ከ130 በላይ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። የአብዛኛው ሰው ግብ ከ80 እስከ 130 ነው ብለውናል፤ ለአዛውንት ሐኪሙ ላላ ሊያደርገው ይችላል።

አለካኩንም አሳየችን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ጣት ቀዝቅዞ ደም እምቢ ይላል። የእማዬን እጅ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አስታጥባ በደንብ አደረቀችው፤ ክንዷን ቁልቁል አስይዛ ትንሽ ጠበቀችና ጣቷን መሀሉን ሳይሆን ዳሩን ወጋች። እጅ ላይ የቀረ ፍራፍሬ ወይም ስኳር ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርገው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ኪሳችንን ማሰቧ ነው። ደም የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋው ስንት እንደሆነ ታውቃለች። በየቀኑ ደጋግማችሁ ለኩ አላለችንም፤ የትኛው ሰዓት ምን እንደሚነግር አስረድታ በዚያ ብቻ እንድንለካ አደረገችን። በየሰው ፊት እንዲህ የምትቀመጥ ባለሙያ ወረፋው በሚበዛበት ክፍል ማግኘት ቀላል አይደለም። እማዬ «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ብላ መርቃታለች፤ እኔም አሜን እላለሁ።

የጠዋት ስኳር አልወርድ ያላችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁን የምታስታምሙ፣ መድኃኒት በራሳችሁ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ እዚያ ሂዱ። መለኪያውን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ እና ሰዓቱ የተጻፈበትን ደብተር ይዛችሁ ግቡ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።