በዓሣ ማጥመጃ አውደ ርዕይ ላይ የታሸገ ሳጥን ከሚሸጥ ሰው ተጠንቀቁ

ትናንት እሑድ ሜሪላንድ ውስጥ በተካሄደ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች አውደ ርዕይ ላይ እኔና ጓደኞቼ 250 ዶላር ተበልተን ተመለስን። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ያ ሻጭ በሚመጣው ሳምንትም በሌላ ከተማ፣ በሌላ አዳራሽ ያንኑ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቆማል፤ ፊቱ የሚቆመው ደግሞ ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተን ዙሪያ እየኖርን ቅዳሜ ማለዳ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ዘንግ የምንተክል ሐበሾች ጥቂት አይደለንም።

አውደ ርዕዮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ውኃው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሰው ሁሉ የጸደዩን ሙቀት በሚናፍቅበት ጊዜ ይከፈታሉ። በር ላይ ይከፈላል፣ እጅ ላይ ማኅተም ይመታል። መሐል አዳራሹ ላይ የሚያብረቀርቁ ጀልባዎች ይደረደራሉ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ደግሞ የሻጮች ጠረጴዛ ነው። ከሻጮቹ ብዙዎቹ የታወቀ ሱቅ ያላቸው፣ ስማቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ሱቅም አድራሻም የላቸውም፤ ሸራ ሰቅለው፣ የገንዘብ ሣጥናቸውን ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሆን «ጭኜ ከምመለስ በቅናሽ ልስጥህ» የሚለው የታወቀ ዜማ ይጀመራል። እኛም የሄድነው ለዚያ ቅናሽ ነበር።

የምንፈልገው ሪል የምንለውን የክር መጠቅለያ ነው፤ የምንገዛውም ለጋሼ ነበር። ጋሼ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድገው፣ ዘንግ በሌለበት ዘመን ክሩን በእጃቸው እየወረወሩ ቆሮሶና አምባዛ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ፖቶማክን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ውኃው የት ጋ እንደሚያዞር፣ ዓሣው በየትኛው ሰዓት ወደ ዳር እንደሚጠጋ፣ መንጠቆው ሲነካ መቼ መታገሥ መቼ መሳብ እንደሚገባ። ባለፈው መኸር የአሮጌው ሪላቸው ፍሬን አንድ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ድንገት ያዘና ክሩ ተበጠሰ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዋጥተን ጥሩ ሪል ልንገዛላቸው ተስማማን።

ፍሬን ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ ወንዛችንን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ሰማያዊ አምባዛ ብለን የምንጠራው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ማጥመድ ተብሎ በቨርጂኒያ ወንዞች የተለቀቀ ባዕድ ዓሣ ነው። ዛሬ ፖቶማክንና ሌሎቹን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ገባሮች ሞልቷል፤ ሌላውን ዓሣ ስለሚጨርስም ሜሪላንድ በቁጥርም በመጠንም ገደብ አልጣለችበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቨርጂኒያ ውስጥ በኬር ሐይቅ የተያዘው 143 ፓውንድ መዝኗል፣ 65 ኪሎ ያህል ማለት ነው። እኛ የምናገኘው እዚያ የሚደርስ አይደለም፤ ቢሆንም የዚያን ሩብ የሚመዝን ዓሣ መሮጥ ሲጀምር በክንድ ጉልበት ብቻ የሚቆም አይደለም። ክሩን በልክ እየለቀቀ የሚያደክመው ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ከነከሰ ክሩ ይበጠሳል፣ ከላላ ደግሞ ዓሣው ድንጋይ ሥር ገብቶ ይቀራል። ርካሽ ሪል እዚህ ወንዝ ላይ ገንዘብን ውኃ ውስጥ መወርወር ነው።

የዚያ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሪል እውነተኛው ነበር። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጋሼ እጀታውን ሲያዞሩት ድምፅ አልነበረውም። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ክሩን ሲስቡት ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቆራረጥ ወጣ። ዘንጉ ላይ የሚታሰርበት እግሩ ላይ የሞዴሉ ቁጥር ብረቱ ውስጥ ተቀርጿል። እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ ጭረት ነበረችው፤ ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷትና «ይህ ምንም አይደል» አሉ። ሱቅ ውስጥ ከ300 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት የጃፓን ሥሪት ነው። ሰውየው 200 ዶላር አለን፤ አንድ ዘንግ ከጨመርን ደግሞ 50፣ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ብቻ።

ይህንኑ እንውሰድ አልኩት። ፈገግ አለና ሪሉን ከጋሼ እጅ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደው። «ይህ ማሳያ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲነካካው ነው የዋለው። ለእናንተ አዲስ ነው የምሰጣችሁ» አለ። ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጠና ከሥር አንድ ሳጥን አወጣ። ያው ሥዕል፣ ያው ስም አለበት፤ አራቱም ጠርዞቹ በሚያሳይ ፕላስተር ታሽገዋል። ክፈትልንና እንየው አልኩት። መዳፉን ዘርግቶ ክዳኑ ላይ ጫነ። ያ እጅ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም፤ ሰፊ እጅ ነው፣ ጣቱ ላይ ወፍራም የብር ቀለበት አለ፤ ሳጥኑን ሊያስከፍት ቀርቶ ፊደሉን እንኳ ሸፍኖታል። «እሽጉ ከተቀደደ የፋብሪካው ዋስትና ይሰረዛል» አለኝ።

ከእኛ በፊት የነበረው ገዢ ይህንኑ ሪል ሲገዛ ሳጥኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶለት፣ እጀታውን አዙሮ፣ ፍሬኑን ሞክሮ ነው የሄደው። በዓይናችን አይተናል። ይህን ስነግረው ቀና እንኳ ሳይል «እሱ የቆየ ደንበኛዬ ነው» አለ። በድምፅ ማጉያው አዳራሹ ሊዘጋ መሆኑ እየተነገረ ነው፤ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ረዳቱ ዘንጉን አስቀድሞ ጠቅልሎ አቅፎታል። ጋሼ ክርክር አይወዱም። «ተወው ልጄ፣ ሰውየው ይቸኩላል» አሉኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት። ሁለት ደረሰኝ ቆረጠልን፤ ሪሉን 125፣ ዘንጉንም 125 ዶላር ብሎ ጻፈ። ዘንጉ 50 አልነበረም እንዴ ስለው ለሒሳብ አያያዝ ነው አለኝ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ሕጉን ሳነብ ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ስንደርስ ጋሼ በፀሐይ ብርሃን ላየው አሉ። በቢላዋ ፕላስተሩን ቀደድነው። እጀታውን ገና ግማሽ ዙር ሲያዞሩት ከውስጥ የቡና ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ኩሽኔታ የሚባል ነገር ያለበት አይመስልም። ክሩን የሚመልሰው የሽቦ ቅስት ሲዘጋ ይንጋደዳል፤ ፍሬኑ ሲጠብቅ ይነክሳል፣ ግማሽ ዙር ሲላላ ደግሞ ጨርሶ ይለቃል። እግሩን ገልብጬ አየሁት፤ የተቀረጸ ቁጥር የለም፣ ባዶ ነው። ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስም አለ፤ ጠርዙ ትንሽ ተነሥቶ ስላየሁት በጥፍሬ ቆረቆርኩት። ተላጦ ወጣ። ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ በቀጥታ የታተመ ሌላ ስም አገኘን፤ ሰምተነው የማናውቀው ስም ነው።

ሳንውል ሳናድር፣ በዚያው እግራችን እጃችን ላይ ያለውን ማኅተም አሳይተን ተመልሰን ገባን። ሰውየው ዕቃውን እያሸገ ነበር። ሳጥኑን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ በፍጹም እርጋታ «ይህን ከእኔ አልገዛችሁም» አለ። ደረሰኙን አወጣሁ። «ሪል ይላል፤ የትኛው ሪል እንደሆነ ግን አይልም» አለኝ። የጻፈው እሱ ራሱ ነው! የተላጠውን ስም ሳሳየው «እኔ የሸጥኩላችሁ የታሸገ ነበር፤ ይህ ተከፍቷል። ውጭ ወስዳችሁ ምን እንደቀየራችሁ በምን አውቃለሁ?» አለ። እኛን ሌባ ማድረጉ ነው። ቀጥሎም ከዘንጎቹ ጀርባ ወደ ተለጠፈች ወረቀት ጠቆመን፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ትላለች። ዘንጎቹ ተነሥተው ካልታሸጉ በቀር ማንም ሊያያት አይችልም።

ረዳቱ ወጣት ነው። ስልኩን እየነካካ ቆሞ ነበርና ድንገት ቀና ብሎ ጋሼን አያቸው። ድምፁን ከፍ፣ ቃላቱን ጎተት አድርጎ «በአገራችሁ በመረብ ነው አይደል የምታጠምዱት? ሪል ይከብዳችኋል» አላቸውና ሣቀ። ሰውየውም አብሮት ሣቀ። በዚህ አገር አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን፣ እንግሊዝኛውን ከእሱ በተሻለ የሚናገሩትን ሰው! ጋሼ ልጁን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ከዚያ ሪሉን ሳጥኑ ውስጥ አስተካክለው መልሰው፣ ክዳኑን ገጥመው «እንሂድ» አሉን። ስንወጣ ዞሬ ሳይ ሰውየው ያንን ጭረት ያለበትን እውነተኛ ሪል በአረፋ ጠቅልሎ ለብቻው በያዘው ቦርሳ ውስጥ ሲከተው አየሁ። ያንኑ ሪል ለስንቱ እያሳየ ከጠረጴዛው ሥር ስንቱን ሳጥን እንደሸጠበት ሳስብ አንጀቴ ያርራል። ገንዘቡ ያበሳጨኛል፤ የልጁ ሣቅ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ለአባታችን ዕድሜ ለደረሱ ሰው ስጦታ ልንገዛ ሄደን በሰው ፊት አዋረድናቸው፣ እሳቸው ደግሞ መኪና ውስጥ እኛን ሲያጽናኑ ዋሉ።

የአዘጋጆቹ ቢሮም ሄደናል። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴት ጠረጴዛ ማከራየት እንጂ ለሚሸጠው ዕቃ ኃላፊነት እንደሌለባቸው ነገረችን። የሻጩን አድራሻ ስንጠይቃት ለሌላ ሰው መስጠት አይፈቀድልንም አለች። መግቢያ አስከፍለው ያስገቡን ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ስለ ሁለቱ ደረሰኞች። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚያስፈጽመው አንድ ደንብ አለ። ሻጩ በራሱ ሱቅ ሳይሆን እንደ ስብሰባ አዳራሽ፣ የባዛር ሜዳ ወይም የሆቴል ክፍል ባለ ጊዜያዊ ቦታ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ከሸጠላችሁ፣ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ሻጩ ይህን መብታችሁን በቃሉ ሊነግራችሁ፣ ስሙና አድራሻው ያለበት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ሊሰጣችሁ፣ የመሰረዣ ቅጽም በሁለት ቅጂ ሊያስረክባችሁ ይገባል። ከሰረዛችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ገንዘባችሁን መመለስ አለበት። እንግዲህ 125 እና 125 ለምን እንደተጻፈ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ከ130 በታች እንዲሆን ነው። ሂሳብ አያያዝ ብሎ የዋሸኝ ዓይኔን እያየ ነው። ሰውየው የረሳው፣ ወይም እኛ አናውቅም ብሎ የተማመነበት ነገር ቢኖር፣ ደንቡ ግዢው በአንድም ይሁን በብዙ ውል ቢከፋፈል ዋጋው ተደምሮ ይታያል ማለቱን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ስትገዙ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስከፍቱ፣ እግሩ ላይ ያለውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ ከተቻለም በካርድ ክፈሉ። አድራሻ የሌለው ደረሰኝ አትቀበሉ።

የእኛ ደረሰኝ ላይ ያለው አንድ የመጠሪያ ስምና የማይነሣ ስልክ ብቻ ነው። ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ዛሬ አቤቱታ አስገብቻለሁ። የመሰረዣ ደብዳቤውንም ጽፌ፣ ቀኑን ሞልቼ ፈርሜበታለሁ፤ እስከ ረቡዕ እኩለ ሌሊት የፖስታ ቤት ማኅተም ካረፈበት በሕጉ መሠረት ይሠራል። የጎደለኝ የሚላክበት አድራሻ ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ በዋናው በር በስተግራ፣ ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ ሸራ ከተሰቀለበት ጠረጴዛ የገዛችሁና ደረሰኛችሁ ላይ የሰውየው ሙሉ ስም ወይም አድራሻ ያለ ከሆነ እባካችሁ ነገውኑ ላኩልኝ። እናንተም ከሥር የወጣ ሳጥን ተሰጥቷችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ክፈቱና እግሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ጊዜው ለእናንተም እየሄደ ነው።