የጭነት ኤሌክትሪክ ባጃጅ በድሬ አሸዋ ላይ፣ 14 ወር ነድቼው ያየሁት

ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የገዛሁት ባለ ሶስት ጎማ የጭነት ኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው፣ ከኋላ ካሶኒ ያለው፣ 72 ቮልት፣ ሞተሩ 3000 ዋት። ስራዬ አትክልት ነው፣ ከዋሂል በኩል ካለ ማሳ ሽንኩርትና ፓፓያ ጭኜ ቀፊራ ገበያ አራግፋለሁ። መንገዱ ግማሹ አስፋልት ነው፣ ግማሹን ግን መንገድ ለማለት ይከብዳል፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ነገር ብዙም አይመለከተውም፣ እሱ ተባርኮ ይንዳ። ዋጋውን አልጽፍም፣ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይቀየራል።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው አምስት ስድስት ወር ሰርግ ነበር። የቤንዚን ሰልፍ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ማታ ሰክቼ ጠዋት ነቅዬ እወጣለሁ በቃ። ድምጽ ስለሌለው መጋላ ውስጥ ሰው ከፊቴ አይነሳልኝም፣ ጥሩምባው ደግሞ የህጻን መጫወቻ ነው የሚመስለው፣ ከዛ ውጪ እንከን አላገኘሁበትም። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ስለሆነ እኔም ጓደኞቼ ላይ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ።

ከዛ ግንቦት ገባ። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ጭኜ ስመለስ ጌጁ 60 ፐርሰንት እያለ አሸዋው ውስጥ ስገባ በአንዴ ወደ 10 ወረደ፣ ቀይ መብራት በራ፣ ቀጥ አለ። ወርጄ ላቤን ጠርጌ ሁለት ደቂቃ ቆይቼ ስነሳ እንደገና 50 ይለኛል። ትንሽ ሄዶ ድጋሚ ቀጥ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በአንድ ሰዓት የምደርሰውን በሶስት ሰዓት ገባሁ፣ ቲማቲም ጭኜ ቢሆን ኖሮ ድልህ ሆኖ ነበር የሚደርሰው።

የሸጡልኝ ቤት ሄድኩ፣ ስሙ ይቅር። "ሞተሩ ነው፣ ከአቅም በላይ ጭነህ ነው" አሉኝ። ዋስትናውን ስጠይቅ ሞተሩ አንድ ዓመት ነው ባትሪው ስድስት ወር፣ ስድስት ወሩ ያለቀው ደግሞ ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው አቦ። "ሞተሩ ነው" እያሉም ዋስትናው ያላለቀውን ሞተር ሊቀይሩልኝ ግን ሽር ጉድ አላሉም።

ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ኤሌትራውቶ ነው፣ በልጅነቱ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሰራ። ከተማውን የሚሰነጥቀው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ይዞኝ ወረደ፣ የመቀመጫውን ክዳን አንስቶ ቴስተሩን እየያዘ "ንዳ" አለኝ። ስድስት ባትሪ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት፣ በሰልፍ የታሰሩ። ጭነት ላይ ሆኖ አምስቱ 11.8 አካባቢ ሲያነቡ አራተኛው ገና ሳይቆም 9.6 ወረደ። "የኔ ልጅ፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው፣ አንዱ ባትሪህ ሞቶ ሌሎቹን እየጎተታቸው ነው" አለኝ። ኮንትሮለሩ (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ሲሰራ አንድ ባትሪ በአማካይ ከ10.5 እንዳይወርድ ጠቅላላውን 63 ቮልት አካባቢ ሲያይ ይቆርጣል። አሸዋ ላይ ደግሞ የሚጎትተው አምፒር ሜዳ ላይ ካለው እጥፍና ከዛም በላይ ስለሆነ ቮልቱ ይወድቃል፣ ስትቆም ይነሳል። ጌጁ የሚያየው ቮልት ብቻ ስለሆነ ፐርሰንት ብሎ የሚያሳየን ግምት ነው፣ አትመኑት።

እሱ ሲነግረኝ ነው ደግሞ ባትሪዎቹን ልብ ብዬ ያየሁት። ላያቸው ላይ በትልቁ "ግራፊን" ተጽፏል፣ ሻጩም እንደ ሊትየም አድርጎ ነው ያወራልኝ፣ እኔም ቃሉ ሲያምር ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ግራፊን የሚለው ባትሪ ተራው የእርሳስ ባትሪ ነው፣ ትንሽ የተሻሻለ። ለማወቅ መማር አያስፈልግም፣ አንዱን አንሱት፣ ባለ 100 አምፒር ሰዓቱ 30 ኪሎ ገደማ ከሆነ እርሳስ ነው። ስድስቱ 180 ኪሎ ማለት ነው፣ ሶስት ሰው ጭኜ ነበር እኮ በየቀኑ የምመላለሰው።

እርሳስ ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ እድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፣ ይሄ የባትሪ ሰዎች የድሮ ህግ ነው። የኔዎቹ ደግሞ አየር የማያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ የሞተውም መሃል ያለው ነው። የባሰው ግን የራሴ ጥፋት ነው። ጠዋት ሰርቼ እኩለ ቀን ላይ እገባለሁ፣ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ድሬ ተዘግታ ትቅማለች ትተኛለች፣ እኔም ጊዜ አልባክን ብዬ ገና ትኩስ ባትሪውን ወዲያው ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። ባትሪ ሲሞቅ ቻርጅ የሚደረግበት ቮልት መቀነስ አለበት፣ በአንድ ሴል በአንድ ዲግሪ 3 ሚሊቮልት ገደማ፣ 72 ቮልት ውስጥ 36 ሴል ስላለ በ10 ዲግሪ ከ1 ቮልት በላይ ይሆናል። ከባጃጁ ጋር የሚመጣው ርካሽ ቻርጀር ይሄን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያጎርሰዋል፣ ባትሪው ሆዱ ይነፋል። አሁን ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው የምሰካው፣ እሱም መብራት ካለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቬንትሌተር ሲከፍት ቮልቴጁ ወርዶ ቻርጀሩ አልነሳም የሚልበት ቀን አለ።

የሞተውን አንዱን ብቻ ቀየርኩ፣ ይሄም ስህተት ነበር። አዲሱ ከደከሙት ጋር ሲታሰር ሁለት ወር ሳይሞላው እሱም ደከመ።

ሌላው ሽቦና ሶኬት ነው። ኮሮኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ የባትሪው ጫፍ ብሎን ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ የጋለው ፕላስቲኩን ያቀልጣል። አንዴ የጎማ ሽታ ሸቶኝ ስከፍት ዋናው ሶኬት እንደ ማስቲካ ሆኗል። በየሁለት ሳምንቱ አጥብቁ፣ ግን የቁልፉን እጀታ በፕላስተር ጠቅልሉ ቀለበታችሁንም አውልቁ፣ ቁልፉ ሁለቱ ጫፍ ላይ ቢወድቅ ብረት ነው የሚበየደው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ትንሽ ውሃ አቋርጬ ሞተሩ መንገጫገጭ ጀመረ፣ አልዞርም ብሎ ወደፊትና ወደኋላ ይርገበገባል፣ የሴንሰሩ ሶኬት ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው። አድርቄው ግራሶ ቀብቼ ዘጋሁት፣ እስካሁን ሰላም ነው። (ደቻቱ ውስጥ ግን ሰማዩ ሲጠቁር ባትሪ ሞላ አልሞላ አትግቡ፣ ዝናቡ እላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ እዚህ ነው የሚመጣው፣ የ1998 ሐምሌ መጨረሻውን ጎርፍ የረሳ የለም።)

የፊት ጎማው አንድ ስለሆነ አሸዋውን እንደ ማረሻ ይሰነጥቀዋል፣ ከኋላ ደግሞ አንዱ ጎማ ከዞረ ሌላው ዝም ይላል። የጎማ ንፋስ ትንሽ መቀነስ ይረዳል፣ አስፋልት ስትደርሱ ግን ጎሚስታ ጋ ሙሉት። ሞተሩ ዲፈረንሻሉ ላይ ስለተገጠመ ዝቅ ያለ ነው፣ ድንጋይ አንዴ መትቶት ዘይት አፍስሷል። ወንበር፣ ቀለም፣ ፓራፋንጎ፣ ስለነሱ አልናገርም፣ ቆርቆሮ ነው።

"ሐረር ያወጣል ወይ" ለምትሉኝ፣ አያወጣም። ማለቴ አንዴ ያወጣ ይሆናል። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2000። ከነጭነቱ አንድ ቶን ብንለው 800 ሜትር ለማንሳት ብቻ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ሙሉ ባትሪው በወረቀት 7.2 ነው፣ እሱንም እርሳስ ከሆነ በደህና የምትጠቀሙት ግማሹን ነው። ሞተሩ በሙቀት የሚበላውን ደግሞ ገና አልቆጠርኩትም። ሲወርድ የባሰ ነው፣ ማርሽ የለውም የሚይዘው፣ ያ ሁሉ ጉልበት የፍሬን ሸራ ላይ ነው የሚያርፈው። አንዴ ባዶውን ከደንገጎ ወረድኩ፣ ታች ስደርስ ፍሬኑ ይሸታል ፔዳሉ ወለል ነካ፣ ወላሂ ሁለተኛ አልሞክረውም።

መጨረሻ ላይ ምን አደረግኩ፣ ስድስቱንም አውጥቼ ሊትየም ፎስፌት አስገባሁ። ክብደቱ ወደ 65 ኪሎ ወረደ፣ ካሶኒው ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጨመርኩበት። ቻርጀሩም አብሮ መቀየር አለበት፣ በድሮው እንዳትሞክሩት። ሌላ ደግሞ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቦርድ ስንት አምፒር እንደሚችል ጠይቁ፣ መጀመሪያ ያመጡልኝ 60 አምፒር ነበር፣ አሸዋ ላይ ስገባ ጭጭ፣ ያው በሽታ በሌላ ስም። 150 አስደርጌ ነው የተገላገልኩት። ወረቀቱ ላይ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርግ ይላል፣ ድሬ ላይ ማንበቡ ራሱ ያበርዳል።

ትገዛዋለህ ወይ ድጋሚ ካላችሁኝ አዎ፣ ግን ባዶውን ሜዳ ላይ አዙሬ አልገዛም። ሻጩን ጭነህ አሸዋ ላይ አስሞክረኝ እለዋለሁ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ። ባትሪውን አንድ በአንድ አንስቼ እመዝናለሁ፣ የባትሪ ዋስትናውም ግንቦትን የሚሻገር ካልሆነ አልፈርምም። ለዚህኛው ከአምስት ሶስት እሰጠዋለሁ፣ ለሱቁ አንድ፣ እሷንም ሻይ ስለጋበዙኝ።

ስድስቱ አሮጌ ባትሪዎች ግቢዬ ተደርድረዋል። ቁራሌው በኪሎ ልግዛህ ብሎኝ ሶስቴ መጥቷል፣ እስካሁን በዋጋ አልተስማማንም።